ያውቁ ኖሯል? የታዳጊዎች ራስን መግዛት በመጠይቅ ሲለካ

በመጠይቆች ላይ ከ«በጣም እስማማለሁ» እስከ «በፍጹም አልስማማም» እየወረደ የሚሄደውን የመልስ ደረጃ በ1932 ያስተዋወቀው አሜሪካዊው ሬንሲስ ላይከርት መሆኑን ያውቁ ኖሯል? (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የአፍላ ወጣቶችን ራስን የመግዛት ችሎታ የሚለኩ ብዙ መጠይቆች ዛሬም ይህንኑ ወይም ይህን የመሰለ ደረጃ ይጠቀማሉ።

ከእነዚህ መካከል በስፋት የሚሠራበት በ2004 ጁን ታንግኒና ባልደረቦቿ ያሳተሙት ነው። ሙሉው 36 ዐረፍተ ነገሮች ሲኖሩት አጭሩ 13 ብቻ አለው። ወላጅና መምህር ስለ ልጁ የሚሞሉት «ብሪፍ» የተባለው መጠይቅ በ2000 ሲወጣ 86 ጥያቄዎች ነበሩት። ከአራት ዓመት በኋላ ደግሞ ከ11 እስከ 18 ዓመት ያሉ ልጆች ራሳቸው የሚሞሉት ተጨመረለት።

ራስን መግዛት ሁለት ፊት እንዳለውስ? ክሪስቲን ሞይላነን በ2007 ለአፍላ ወጣቶች ያዘጋጀችው መጠይቅ ለያይቶ ያየዋል። አንደኛው የአሁኑን ስሜትና ግፊት መግታት ነው፤ ሲሰድቡት መልሶ አለመሳደብ ዓይነት። ሁለተኛው ወራትና ዓመታት የሚወስድ ዓላማን ይዞ መዝለቅ ነው። ይህ ክፍፍል ለወላጅ ትልቅ ቁም ነገር አለው። ቱግ የሚል ልጅ ሁሉ ለዓላማው የማይተጋ አይደለም። ጨዋና ዝምተኛ የሚባለውም ፈተና ሲደርስ ብቻ ደብተር የሚገልጥ ሊሆን ይችላል።

በመጠይቆቹ ውስጥ ሆን ተብለው የተገለበጡ ዐረፍተ ነገሮች መኖራቸውን ያውቁ ኖሯል? ምሳሌ እንፍጠር። «የቤት ሥራዬን ሳልጨርስ ስልኬን አልነካም» ለሚለው 5 ቁጥርን (በጣም እስማማለሁ) ያከበበች ተማሪ 5 ነጥብ ይያዝላታል። ዝቅ ብሎ ላለው «ሳላስብ ተናግሬ ኋላ ይቆጨኛል» ለሚለውም 5ን ካከበበች ግን የሚያዝላት 1 ነው፤ እዚህ ላይ መስማማት የችኩልነት ምልክት ነውና። ሳታነብ ከላይ እስከ ታች 5ን እያከበበች የወረደች እንደሆነ የሁለቱ አማካይ 3 ላይ ይቆማል። ተመራማሪውም መልሶቹ እርስ በርሳቸው እንደማይጣጣሙ አይቶ ወረቀቱን ይጠረጥራል።

ጥርጣሬው ያለ ምክንያት አይደለም። በ1990ዎቹ አጋማሽ አሜሪካ ውስጥ የተጀመረው «አድ ሄልዝ» የተባለ ግዙፍ የታዳጊዎች ጥናት በመጀመሪያ በትምህርት ቤት መጠይቅ አስሞላ፤ ቀጥሎ ቤት ለቤት እየሄደ ጠየቀ። በትምህርት ቤቱ መጠይቅ ላይ ሰው ሠራሽ እጅ ወይም እግር እንዳላቸው ከጻፉት 253 ተማሪዎች እውነት ሆኖ የተገኘው የ2ቱ ብቻ ነበር። በዐይን በሚታይ ነገር ላይ ይህን ያህል ከተቀለደ፣ ስለማይታየው የልብ ነገር አንድ ልጅ የሞላውን አንድ ወረቀት ብቻ ይዞ መፍረድ አይገባም።

ለዚህ ነው ጥሩ ጥናት ከብዙ ሰው የሚጠይቀው። በኒውዚላንድ ዱኒደን ከተማ በ1972 እና በ1973 የተወለዱ 1,000 ያህል ልጆችን የተከታተለው ጥናት ከወላጅም፣ ከመምህርም፣ ከታዛቢም፣ ከልጆቹም ከራሳቸው መረጃ ሰብስቧል። ውጤቱ በ2011 ሲታተም በልጅነታቸው ራሳቸውን መግዛት ያቃታቸው ሰዎች 32 ዓመት ሲሞላቸው በጤናም በገንዘብም የባሰ ችግር ላይ ተገኙ። በወንጀል የተፈረደባቸውም ከመካከላቸው በርክተው ታዩ። የቤተሰባቸው ኑሮና የማሰብ ችሎታቸው ከግምት ገብቶም ልዩነቱ አልጠፋም። እንግዲህ ነገሩ መለካት የሚገባው ስለመሆኑ አያጠራጥርም። የሚያሳስበው አለካኩ ነው።

በገንዘብም ይለካል። ክሪስ ከርቢና ባልደረቦቹ በ1999 ያሳተሙት መጠይቅ 27 ምርጫዎችን ያቀርባል፤ ዛሬ 54 ዶላር ይሻልሃል ወይስ ከ117 ቀን በኋላ 55? ዛሬ 55 ወይስ ከ61 ቀን በኋላ 75? አንጀላ ዳክወርዝና ማርቲን ሰሊግማን በ2005 ባሳተሙት ጥናት የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎችን ይህንን ከማስሞላት አልፈው እውነተኛ 1 ዶላር በፖስታ ሰጧቸው። አሁኑኑ ይዞ መሄድ ይቻላል፤ ፖስታውን ለመለሰ ደግሞ ከሳምንት በኋላ 2 ዶላር። ይህ ሁሉ ከወላጅና ከመምህር ምስክርነት ጋር ተደምሮ የዓመቱን የክፍል ውጤት ከማሰብ ችሎታ ፈተና ይበልጥ ተነበየ። እኔን የሚማርከኝ ግን ሌላ ነው፤ ተማሪው የቤት ሥራውን የሚጀምርበት ሰዓት እንኳ ከልኬቱ ጋር ይያያዝ ነበር።

በቀይ ቀለም የተጻፈውን «ሰማያዊ» የሚል ቃል አይቶ «ቀይ» ማለት ይችላሉ? ይህን ዓይነቱ ፈተና የአእምሮን የመግታት ኃይል ይለካል፤ ሆኖም ከመጠይቅ ጋር ብዙም አይገጥምም። ዳክወርዝና ማርጋሬት ከርን በ2011 የ282 ናሙናዎችን ውጤት አጠናቅረው ሲመለከቱ፣ ተመሳሳይ መጠይቆች እርስ በርሳቸው ያላቸው መጣጣም 0.50 አካባቢ ሲሆን እንዲህ ያሉ ፈተናዎች እርስ በርሳቸው ያላቸው 0.15 ብቻ ነበር (ፍጹም መጣጣም 1 ነው)። ፈተናው በደቂቃዎች ውስጥ የተደረገውን ያያል፤ መጠይቁ ግን በወራት የታየውን ጠባይ ይጠይቃል።

ጎበዝ ትምህርት ቤት የልጁን ነጥብ ዝቅ ሊያደርገው እንደሚችልስ ያውቁ ኖሯል? በቦስተን በተደረገ ጥናት የፈተና ውጤታቸው ከሌሎቹ በተሻለ ያደገ የቻርተር ትምህርት ቤት (በመንግሥት ገንዘብ፣ ግን በራሱ አስተዳደር የሚሠራ ትምህርት ቤት) ተማሪዎች ራስን በመግዛት ለራሳቸው የሰጡት ነጥብ ከሌሎቹ ያነሰ ሆነ። ተመራማሪዎቹ ያቀረቡት ማብራሪያ አሳማኝ ነው። ልጅ «ታታሪ ነኝ ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ የሚያወዳድረው ከጎኑ ከተቀመጠው ጋር ነው። ሥርዓቱ ጥብቅ በሆነበት ቦታ መለኪያው ራሱ ከፍ ይላል። ሁለት ትምህርት ቤቶችን በዚህ ነጥብ ማወዳደር የሚያሳስተውም ለዚህ ነው።

ዕድሜስ? ሎረንስ ስታይንበርግና ባልደረቦቹ በ2018 ባሳተሙት ጥናት፣ ጎረቤታችን ኬንያን ጨምሮ በ11 አገሮች ከ10 እስከ 30 ዓመት ያሉ ከ5,000 በላይ ሰዎች ተለኩ። አዲስና አደገኛ ነገር የመሞከር ጉጉት በ19 ዓመት ገደማ ጣሪያ ሲነካ፣ ራስን መግዛት ግን እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ ማደጉን ይቀጥላል። የ15 ዓመት ልጅ ዝቅተኛ ነጥብ ገና በማደግ ላይ ያለ ነገር ልኬት ነው።

የጓደኛ ተጽዕኖም አለ። በ2005 በታተመ የመኪና ጨዋታ ሙከራ ከ13 እስከ 16 ዓመት ያሉ ልጆች ጓደኞቻቸው እያዩአቸው ሲጫወቱ ብቻቸውን ከተጫወቱት እጅግ የበለጠ አደጋ ተጋፍጠዋል፤ 24 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆናቸው ላይ ለውጥ አልታየም። መጠይቅ የሚሞላው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ነው።

በአገራችንም ልኬቱ ተሞክሯል። በ2002 የተጀመረውና በኢትዮጵያ 3,000 ልጆችን የተከታተለው «ያንግ ላይቭስ» በ2013 የ12 ዓመት ገደማ ልጆችን የማስታወስና ራስን የመግታት ችሎታ በታብሌት ጨዋታ ለክቷል። መጠይቅ ወደ አማርኛ ሲመጣ ደግሞ ደንቡ አንዱ ተርጓሚ ወደ አማርኛ መልሶት፣ ዋናውን ያላየ ሌላ ሰው ከአማርኛው ወደ መነሻው ቋንቋ እንዲመልሰውና ሁለቱ እንዲነጻጸሩ ነው። ከዚያ በኋላም በአገሩ ልጆች ላይ ካልተሞከረ ሌላ አገር የወጣለትን የነጥብ ድንበር እዚህ መጠቀም አይቻልም። ይህ ጥንቃቄ ሲዘለል እጅግ ያሳዝነኛል፤ ዳፋው የሚተርፈው ለልጁ ነው።

ራሷ ዳክወርዝ በ2016 አንዳንድ የካሊፎርኒያ ትምህርት ቤቶች እንዲህ ያሉ መጠይቆችን የትምህርት ቤት መመዘኛ ሊያደርጓቸው ሲሉ በአደባባይ ተቃውማለች። እናም ወላጆችና መምህራን፣ የልጅ ነጥብ በእጃችሁ ሲገባ ማን እንደሞላው፣ ከእነማን ጋር እንደተወዳደረና አማርኛው በእኛ ልጆች ላይ ተሞክሮ እንደሆነ ጠይቁ። ለዚህ መልስ ሳታገኙ ልጁን ከክፍል አታውጡት፤ «ሰነፍ» ወይም «ችኩል» የሚል ስምም አትለጥፉበት።