ትንሿ ቧንቧ

ኮምፕሬሰር ቤት የገባ ሰው ዓይኑ ቶሎ የሚያርፈው የሚንቀጠቀጠው ትልቁ ቧንቧ ላይ ነው። እኔ ግን በጎኑ የተበየደችውን፣ ከአውራ ጣት ብዙም የማትወፍረውን፣ ጫፏ ላይ ቫልቭና የግፊት ጌጅ የተሸከመችውን ትንሿን ቧንቧ እፈልጋለሁ። በሥራ ዘመኔ ተሰንጥቀው ካየኋቸው የሚበዙት የእሷ ዓይነቶች ናቸው፤ ውስጧ ያለው ጋዝ ከሆነ ደግሞ ስንጥቋ ሰው ሊገድል ይችላል።

በደቂቃ 600 ጊዜ የሚዞር ባለ ፒስተን ኮምፕሬሰር እንውሰድ። በሰከንድ 10 ዙር ነው፤ ሲሊንደሩ በሁለቱም ፊቱ የሚጨምቅ ከሆነ ጋዙን በሰከንድ 20 ጊዜ ይመታዋል። ትንሿ ቧንቧ ከነሸክሟ ስትነካ በራሷ የምትወዛወዘውም በሰከንድ 20 ጊዜ ከሆነ፣ እያንዳንዱ ምት በቀደመው ላይ እየተደመረ ይሄዳል። ሬዞናንስ የምንለው ይህን ነው። በ14 ሰዓት ውስጥ አንድ ሚሊዮን ጊዜ ትታጠፋለች። ብረት ይደክማል፤ የሚደክመውም ብየዳው ሥር ነው።

ጋዙም የራሱ ሬዞናንስ አለው። በተፈጥሮ ጋዝ ውስጥ ድምፅ በሰከንድ 400 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ጫፉ በቫልቭ የተዘጋ የ5 ሜትር ቅርንጫፍ ውስጥ ያለው ጋዝ በራሱ የሚወዛወዝበት ልክ ሲሰላ ያው በሰከንድ 20 ጊዜ ይመጣል። ምንም ስለማያልፍበት ሁሉም ይረሳዋል፤ የመስመሩን ግፊት የሚያናውጠው ግን እሱ ሊሆን ይችላል። 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ቧንቧ ውስጥ የ1 ባር የግፊት መዋዠቅ መታጠፊያው (ኤልቦው) ላይ 7,000 ኒውተን ያህል ኃይል ያሳርፋል። ይህን በክላምፕ ብዛት ለማሸነፍ መሞከር አያዋጣም፤ ሲግል የሚለጠጥበት ያጣ ቧንቧ ሌላ ችግር ይወልዳል። መጀመሪያ መዋዠቁን ከምንጩ መቀነስ ነው። ቴክሳስ፣ ሳን አንቶኒዮ ያለው የሳውዝዌስት ምርምር ተቋም በ1950ዎቹ ቧንቧውን በኤሌክትሪክ ሰርኪዩት እየመሰለ ይህን መዋዠቅ ከግንባታ በፊት ያጠና ነበር። ኮምፒዩተር እጃችን ላይ እያለ ጥናቱን ለመዝለል ምክንያት አይታየኝም።

አገር ቤትም ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። የታሸገ ውኃ ፋብሪካዎች የፕላስቲክ ጠርሙስ የሚነፉት እስከ 40 ባር በሚደርስ አየር ነው፤ ብዙ ጊዜም አየሩ የሚመጣው ከባለ ፒስተን ኮምፕሬሰር ነው። እዚያ ያሉ ወጣት የጥገና ባለሙያዎች ማሽኑ በቆመና መስመሩ ከግፊት ነፃ በሆነ ቀን ትንንሾቹን ቧንቧዎች ሴንሰር ለጥፈው በጎማ መዶሻ መታ ያድርጓቸውና የሚወዛወዙበትን ልክ ይመዝግቡ። ከኮምፕሬሰሩ ምት ጋር የተቀራረበች ካለች ትጠር፤ ከባዱ ቫልቭ በቀላል ይቀየርላት። ድጋፍ ካስፈለጋት ከወለሉ ሳይሆን ከዋናው ቧንቧ ላይ ይሰጣት። ወለል ላይ ከታሰረች፣ ዋናው ቧንቧ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ልዩነቱን የምትሸከመው ያቺው ብየዳ ናት።