የሳሳ አየርና ተሽከርካሪው ሞተር

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ሽቅብ የሚወጣ መኪና ሲያቃስት ሾፌሩ ነዳጁን ይጠረጥራል፤ አየሩን ግን ይዘነጋዋል። በ2000 ሜትር ከፍታ የአየር እፍጋት በባሕር ጠለል ካለው በ18 በመቶ ገደማ ያንሳል፤ ሞተሩ የሚስበው ኦክስጅንም በዚያው መጠን ይቀንሳል። በፒስተን ፋንታ ባለ ሦስት ማዕዘን ሮተር የሚሽከረከርበት፣ እ.ኤ.አ. በ1957 የተሞከረውና በማዝዳ መኪኖች የታወቀው የዋንክል ሞተርም ከዚህ ሕግ አያመልጥም።

አቅሙን እንዴት እንጨምር? የአየር ማስገቢያውን ቀዳዳ ማስፋት በከፍተኛ ዙር ይጠቅማል፤ በዝቅተኛ ዙር ግን ሞተሩን ያደክማል። ተርቦ ደግሞ የሳሳውን አየር አምቆ ጉድለቱን ይተካል። ሆኖም ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ ቅይጡ ያለጊዜው ይፈነዳል፤ በሮተሩ ጫፎች ያሉት ማሸጊያዎችም ይሰበራሉ።

ውድ አንባቢ፣ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬን የሚያበርደው የእንቅስቃሴ ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። መንገዱን ከብትና ተማሪ ይጋሩታልና፣ ከሞተሩ በፊት ፍሬኑ ይጠንክር።