ግዝትን የፈሩ ወራሪዎች

ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣልያ ወታደሮች አቡነ ጴጥሮስን በአዲስ አበባ አደባባይ ረሸኑ። ጳጳሱ ለጠላት አልገዛም አሉ፤ የሚገዛለትንም አወገዙ። ሙሶሊኒ የሮማ ንጉሠ ነገሥት ግዛት ዳግም ተነሣ ብሎ ካወጀ ገና ሦስት ወር አልሞላውም። የጥንቷ ሮማም ከዚያ 1,900 ዓመት ገደማ ቀደም ብላ ድሩይድ የተባሉትን የኬልት ሕዝቦች ካህናት እንዲሁ አሳድዳ አጥፍታለች። ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን ስናያቸው፣ ወራሪ ካህንን የሚገድለው ሃይማኖቱን ስለጠላ ብቻ ሳይሆን ሕዝብን የማሰርና የመፍታት ሥልጣኑን ስለሚፈራ መሆኑን እንረዳለን።

ዩሊየስ ቄሳር የዛሬዋን ፈረንሳይ (ጎልን) ሲወጋ እንደጻፈው፣ ድሩይዶች መሥዋዕት ከማቅረብ ባሻገር የወሰን፣ የውርስና የነፍስ ግድያ ክርክር ይዳኙ ነበር። ፍርዳቸውን አልቀበል ያለ ከመሥዋዕቱ ይከለከላል፤ ሰው ሁሉ ይሸሸዋል፤ ቢከስም ዳኛ አያገኝም። ለእኛ ይህ እንግዳ አይደለም፤ ግዝት ነው። እ.ኤ.አ. በ60 ገደማ የሮማው ጄኔራል ሱዌቶኒዩስ ፓውሊኑስ በዛሬዋ ዌልስ አጠገብ ወዳለችው ሞና ደሴት ሲዘምት፣ ድሩይዶች እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው እየረገሙ ጠበቁት። ታሪክ ጸሐፊው ታኪተስ እንደሚለው ወታደሮቹ ለጥቂት ጊዜ ደንግጠው ቆሙ። ካሸነፉ በኋላም የተቀደሱትን ደኖች መነጠሩ።

ድሩይዶች ሰው ይሠዉ ስለነበር ሮማ ያስቆመችው ጭካኔን ነው የሚሉ አሉ። ክሱ ሐሰት ነው ብሎ መደምደም አይቻልም። ነገር ግን ሮማውያን ራሳቸው እ.ኤ.አ. ከክርስቶስ ልደት በፊት በ216 በካርታጎው የጦር መሪ በሐኒባል ድል ሲመቱ ሁለት ጎላውያንንና ሁለት ግሪኮችን ከነሕይወታቸው ቀብረዋል። ሰውን ከሰውና ከአውሬ ጋር እያጋደሉ መዝናናትንም ለዘመናት አልተዉም። የብዙ አገር አማልክትን ያስተናገደች ከተማ በድሩይዶች ላይ የጨከነችው ሕግና ፍርድ በእጃቸው ስለነበረ ነው።

በደብረ ሊባኖስ ገዳም የሆነውም ይህንኑ ያሳያል። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በኢጣልያው እንደራሴ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከጣሉ በኋላ ገዳሙ በተባባሪነት ተጠረጠረ። ግራዚያኒ አዘዘ፣ ጄኔራል ማሌቲ ፈጸመ። የተመረጠው ወቅት ግንቦት 12፣ ምእመናን ለአቡነ ተክለ ሃይማኖት በዓል የሚሰበሰቡበት ቀን ነበር። መነኮሳቱን በካሚዮን ጭነው ወስደው ረሸኗቸው። ግራዚያኒ ለሮም በቴሌግራም ያስታወቀው በመጀመሪያ 297 መነኮሳት መገደላቸውን ነው፤ ተመራማሪው ኢያን ካምቤል ግን የሟቾቹን ቁጥር ከ1,800 በላይ ያደርሰዋል። የቦምቡ በቀል ቢሆን ኖሮ ጥፋተኛን ለይቶ መቅጣት በበቃ ነበር። ዲያቆናቱን ሳይቀር መጨረስ ግን ገዳሙን ተተኪ ማሳጣት ነው።

ሁሉም ካህናት አልተቃወሙም የሚለው እውነት ነው። አቡነ አብርሃም ከኢጣልያ ጋር ተስማምተው የቤተ ክርስቲያኒቱ መሪ ተደርገው ተሾሙ፤ በቄሳር ዘመንም ሮማዊው ጸሐፊ ኪኬሮ ድሩይድ መሆኑን የመሰከረለት ዲቪቲያኩስ የሮማ ወዳጅ ነበር። ይህ ግን ክርክሩን ያጠናክረዋል እንጂ አያፈርሰውም። ወራሪው ክህነትን ጨርሶ ቢጠላ ኖሮ የሚባርክለት ካህን ባልፈለገ ነበር።

ፍጻሜያቸው ተለያየ። ድሩይዶች እስከ 20 ዓመት የሚጠና ትምህርታቸውን በቃል እንጂ በጽሑፍ አላስተላለፉም፤ ሮማም ብሪታንያን 350 ዓመት ያህል ስለገዛች ዕውቀቱ ከባለቤቶቹ ጋር ጠፋ። ዛሬ የምናውቃቸው በአብዛኛው በጠላቶቻቸው ብዕር ነው። የእኛ ሰማዕታት አገር ግን በአምስት ዓመት ነጻ ወጣች፤ ብራናውና የሚያስተምረው መምህርም ተረፉ። ስለዚህ በውጭ አገርም ሆነ በአዲስ አበባ ልጅ የምታሳድጉ ሁሉ የካቲት 12ን ስትነግሯቸው ግንቦት 12ንም ጨምራችሁ ንገሯቸው። የሰማዕታቱን ታሪክ ግራዚያኒ በጻፈው ቴሌግራም ብቻ እንዲያውቁት መተው የለብንም።