ያስፈራ የነበረው ማዕበል እንጀራ ሲሆን

ገበሬ መሬቱን ይወዳል፤ ዓሣ አጥማጅ ግን ባሕሩን ይወደዋል ለማለት ያስቸግራል። መሬት ዘር ቢያስቀር ዘሪውን አያስቀርም፤ ባሕር ግን መረቡንም፣ ጀልባውንም፣ ሰውዬውንም ባንድነት ይወስዳል። ይህን የሚያውቁ ሰዎች ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ሲሸሹት የኖሩትን ማዕበል፣ ዛሬ የሩቅ አገር ሰው ለመንገድና ለማደሪያ ገንዘቡን እየከፈለ ሊያየው ሲጎርፍ ቢመለከቱ ምን ይሉ ይሆን? ነገሩ ቀልድ አይደለም፤ በፖርቱጋል አገር በናዛሬ ከተማ የሆነ ነው።

ናዛሬ ከሊዝቦን ወደ ሰሜን 120 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ዳር የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። ስሟ ለጆሮአችን እንግዳ አይደለም፤ የእኛዋ አዳማ ለብዙ ዓመታት ናዝሬት ስትባል ኖራለች፤ የዚያ አገር ሰዎችም ስማችንን ያገኘነው ከናዝሬት ከመጣ የእመቤታችን ምስል ነው ይላሉ። አንዱ ሰፈር ከአሸዋው ዳር፣ ሌላው ከ100 ሜትር በላይ ከፍ ካለ ገደል አናት ላይ ተሠርቷል፤ ሁለቱን ለማገናኘትም በ1889 በገመድ የሚሳብ ባቡር ተዘረጋ። (ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍነው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

እስከ 1980ዎቹ ድረስ የናዛሬ ጀልባዎች ደኅና ወደብ አልነበራቸውም። ወንዶቹ ጀልባቸውን ከአሸዋው ላይ እየገፉ ከሚሰበረው ማዕበል ጋር ፊት ለፊት ይጋፈጡ ነበር፤ ሲመለሱም ጀልባው በበሬ እየተጎተተ ይወጣ ነበር። ከዳር ሆነው የሚጠብቁት ሴቶች ናቸው። የናዛሬ ሴቶች ሰባት ጉርድ ቀሚስ ደራርበው በመልበስ የታወቁ ናቸው። ለምን ሰባት እንደ ሆነ ብዙ ይነገራል፤ ለእኛ ግን እውነት የሚመስለን፣ በብርዱ ተቀምጠው ሲጠብቁ ከላይ ያለውን በራሳቸው ላይ ጣል፣ ከታች ያለውን በእግራቸው ላይ ጠቅለል ያደርጉበት ነበር የሚለው ነው። ባሏ ያልተመለሰላት ጥቁር ትለብሳለች። ከጥቅምት እስከ መጋቢት ባለው የብርድ ወራት ደግሞ ባሕሩ ሲቆጣ ጀልባ አይወጣም፤ ጀልባ ካልወጣም ማጀቱ ባዶ ነው።

ከገደሉ በስተሰሜን ያለው ዳርቻ ፕራያ ዶ ኖርቴ ይባላል፤ የሰሜን ባሕር ዳር ማለት ነው። ወደዚያ የሚደፍር አልነበረም። ምክንያቱ ያለው ከውሃው በታች ነው። ከናዛሬ ፊት ለፊት ከ200 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ርዝመት ያለው የባሕር ውስጥ ሸለቆ ተዘርግቷል፤ ጥልቀቱ በውቅያኖሱ በኩል 5,000 ሜትር ያህል ይደርሳል፤ ጫፉ ግን ከባሕሩ ዳር አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አይርቅም። የዓባይን በረሃ ከነገደሉ ውሃ ሞልቶበት ቢያስቡት፣ አንባቢያችን ነገሩን ወደ መረዳት ይቀርባሉ። ከሰሜን አትላንቲክ ዐውሎ ነፋስ የተነሣው ማዕበል ሲመጣ፣ በሸለቆው ላይ የሚያልፈው ወገን ወለሉ ስለማይነካው ፍጥነቱ አይቀንስም፤ ጥልቀት በሌለው ሜዳ ላይ የሚያልፈው ግን እየተጎተተ ይዘገያል። በዚህም ምክንያት ማዕበሉ ይታጠፍና ሁለቱ ወገኖች ከዳርቻው አጠገብ ይገናኛሉ፤ አንዱ በሌላው ላይ ይወጣል። ከዳር የሚመለሰውም ውሃ ከፊት ገጥሞ ከፍታውን ይጨምርለታል። በሌላው ዳርቻ ባሕሩ ረጋ ብሎ ሳለ፣ በዚህ ግን እንደ ተራራ ይቆማል።

ዲኖ ካዚሚሮ የተባለ የከተማው ተወላጅ በ2005 የዚህን ማዕበል ፎቶግራፍ ለጋሬት ማክናማራ ላከለት። ማክናማራ በሃዋይ የሚኖር፣ በሰሌዳ ላይ ቆሞ በማዕበል የመንሸራተት ጨዋታ፣ ሰርፊንግ የሚሉት፣ ዝነኛ ነው። መልሱ ግን አልቸኮለም፤ ሰውዬው ናዛሬን የረገጠው በ2010 ነው። መጥቶም ወዲያው አልዘለለበትም፤ የፖርቱጋል ባሕር ኃይል የባሕር ጥናት ተቋም በሰጠው እርዳታ ወለሉን አጠና። በእጅ እየቀዘፉ እንዲህ ያለውን ማዕበል መድረስ ስለማይቻል፣ ተንሸራታቹ በውሃ ሞተር ብስክሌት በገመድ ይሳባል፤ ፍጥነቱ ሲበቃ ገመዱን ይለቃል። በኅዳር 2011 ማክናማራ 23.8 ሜትር ከፍታ ባለው ማዕበል ላይ ወረደ። በጥቅምት 2020 ሰባስትያን ስቶይትነር የተባለ ጀርመናዊ በ26.21 ሜትር በለጠው። ስምንት ፎቅ ቤት ከኋላህ እየፈረሰ ሲከተልህ ማለት ነው!

ከዚያ ወዲያ ከተማዋ ሌላ ሆነች። ቀድሞ እንግዳ የሚመጣው በሞቃቱ ወራት ለመዋኘት ነበር፤ ብርዱ ሲገባ ብዙው ሆቴልና ምግብ ቤት ይዘጋ ነበር። አሁን ባለቤቶቹ ዐውሎ ነፋስን የሚናፍቁ ሆነዋል። ሠራተኛ የሚበተንበት ወራት ሥራ የሚገኝበት ሆነ። በ1577 በንጉሥ ሰባስትያን ትእዛዝ የተመሠረተው የቅዱስ ሚካኤል ምሽግ፣ የጀግኖቹ ሰሌዳ የሚታይበትና ሕዝብ የሚሰበሰብበት ሰገነት ሆኗል። በ2021 በአሜሪካ ቴሌቪዥን የታየ ተከታታይ ፊልምም ስሟን ወዳልደረሰበት አደረሰው።

አንዳንድ ሰዎች ሰሌዳው ጀልባውን አጠፋው ብለው ሲያዝኑ ይሰማል። እኛ በዚህ አንስማማም። ጀልባን ከአሸዋ የመግፋቱ ኑሮ ያበቃው ወደቡ ሲሠራ ነው፤ ይህም ማክናማራ ከመምጣቱ ከሃያ ዓመታት በላይ ቀደም ብሎ ነው። ከፖርቱጋል መንደሮችም ብዙ ጎልማሳ በ1960ዎቹ ወደ ፈረንሳይ ፈልሷል። ናዛሬ ለዓይን መታያ መሆኗም አዲስ አይደለም፤ ኋላ በፊልም ዳይሬክተርነት ዝነኛ የሆነው ስታንሊ ኩብሪክ ገና ወጣት ሳለ፣ በ1948 ለአንድ የአሜሪካ መጽሔት ዓሣ አጥማጆቿን ፎቶግራፍ አንሥቷል። ይልቁንስ እኛን የሚያሳስበን ገንዘቡ ማን እጅ ላይ እንደሚወድቅ ነው። የሚከራይ ክፍል ያለው ሰው ከማዕበሉ ይጠቀማል፤ ጀልባ ብቻ ያለው ግን ማዕበሉ በተነሣበት ቀን እንደ አያቱ ሥራ ፈት ነው።

ባሕሩም ቢሆን ጠባዩን አልለወጠም። በጥቅምት 2013 ማያ ጋቤራ የተባለችው ብራዚላዊት ከማዕበሉ በታች ራሷን ስታለች፤ ጓደኛዋ ካርሎስ ቡርሌ ጎትቶ አውጥቶ ከአሸዋው ላይ ነፍሷን አስመለሳት። እርስዋ ግን ተመልሳ መጣች፤ በየካቲት 2020 በ22.4 ሜትር ማዕበል ላይ ወረደች። ማርሲዮ ፍሬሬ፣ እርሱም ብራዚላዊ፣ ይህ ዕድል አልገጠመውም፤ በጥር 2023 በዚያው ዳርቻ ሞተ። በዚህ ጨዋታ በናዛሬ የሞተ የመጀመሪያው ሰው እርሱ እንደ ሆነ ተነግሯል። የዓለም ጋዜጦች ሁሉ ስሙን ጻፉት። ከዚያ በፊት በዚያው ውሃ የቀሩትን ዓሣ አጥማጆች ግን ስማቸውን የሚያውቀው፣ ጥቁር የለበሰችው ሚስታቸውና ቤተ ክርስቲያናቸው ብቻ ነበር።

ከታች በአሸዋው ዳር ዓሣ በፀሐይ የማድረቁ ጥንታዊ ሥራ አልቀረም። ሴቶቹ ዓሣውን ሁለት አድርገው ይከፍቱና በመረብ በተወጠረ አልጋ ላይ ያሰጡታል። እንግዳው ከገደሉ ወርዶ በዚያ ሲያልፍ ቆም ይላል፤ ዋጋ ይጠይቃል፤ ይከራከራል፤ ይገዛል።