ወንድ ኮሽም ያለው ጎረቤት

አዲስ አበባ፣ ሳሪስ አቦ ግቢው ሁሉ በብሎኬትና በቆርቆሮ ሳይታጠር፣ የብዙ ቤት አጥር ኮሽም ነበር። እሾሁ ፍየልንም ሌባንም ይመልሳል። ፍሬው ሲበስል የሰፈሩ ልጆች እጃቸው እየተቧጨረ ይለቅሙታል፤ ጥርስ የሚያጠርሰው ኮምጣጣነቱ ነበር የሚያስጎመጃቸው። አጥሩ ሲቀየር ፍሬውም አብሮ ጠፋ። ዛሬ አፕልና ማንጎ በየሱቁ በር ተደርድሮ ይሸጣል፤ ኮሽምም ሆነ አጋም ቀምሶ የማያውቅ የአሥር ዓመት ልጅ ግን በየቤቱ አለ።

እኔ ተወልጄ ያደግሁት ቡልጋ ነው። ከብት ስንጠብቅ አጋምና ቀጋ፣ ሲቀናንም እንጆሪ እየለቀምን እንውል ነበር። የባዮሎጂ መምህርት ሆኜ ኖሬ ጡረታ ስወጣ የግቢዬን ጌጥ አበባ ቀስ በቀስ በነዚህ ተካሁት። የሚበላ የዱር ተክል በአገራችን ጥቂት አይደለም። ኤርምያስ ሉሌካልና ባልደረቦቻቸው በ2011 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ዳሰሳ 413 ዝርያዎችን መዝግበዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላውም ፍሬያቸው ነው። አዘነ በቀለ ስለ ኢትዮጵያ ጠቃሚ ዛፎችና ቁጥቋጦዎች በ1993 እ.ኤ.አ. ያዘጋጁት መጽሐፍ ደግሞ የየተክሉን ስም በየቋንቋው፣ አፈላሉንም ጭምር ይዟል። እውቀቱ ተጽፎ ተቀምጧል ማለት ነው። የጎደለው ተክሉን ከግቢ ወደ ግቢ የሚያሻግር ሰው ነው።

«እትዬ፣ ይሄ ኮሽሜ በየዓመቱ ያብባል፤ ፍሬ ግን ዓይኔ አይቶ አያውቅም። ልቁረጠው እንዴ?» አለችኝ አንዲት ወጣት ጎረቤቴ።

«ወንድ ነው፣ ልጄ። ተዪው» አልኳት።

ኮሽም እንደ ፓፓያ ነው፤ የወንዱና የሴቱ አበባ የሚወጣው በተለያየ ዛፍ ላይ ነው። ወንዱ አያፈራም፤ ያለ እሱ ግን ሴቲቱም አታፈራም። ንቦች ከወንዱ ወደ ሴቷ ብናኙን ያመላልሳሉ፤ አጥር አያግዳቸውም። ችግሩ፣ ከአንድ ፍሬ ውስጥ ከወጡ ዘሮች የትኛው ወንድ፣ የትኛው ሴት እንደሚሆን እስኪያብብ ድረስ አይታወቅም። አንድ ችግኝ ብቻ ወስዶ በግቢው የተከለ ሰው ዕድሉን ይጠብቃል። ስለዚህ እኔ ኮሽም ስሰጥ ለአንድ ቤት አልሰጥም፤ በአንድ መንገድ ላይ ለሚኖሩ ሦስት አራት ቤቶች አከፋፍላለሁ። ያኔ የአንዱ ወንድ ለሌሎቹ ሴቶች ይበቃል። በአዲስ አበባ አጥሮች ላይ ከደቡብ አፍሪካ የመጣ ሌላ ኮሽምም አለ፤ ፍሬው ይበላል፣ እሱም ወንድና ሴት አለው። እኔ የማባዛው ግን የአገራችንን ነው፤ ሌላውን የሚንከባከቡ ብዙ አገሮች አሉ።

ዶቅማ ደግሞ በሌላ መንገድ ጎረቤት ይፈልጋል። ዘሩ ከደረቀ ይሞታል። ጤፍ፣ ስንዴና ገብስ በደንብ ደርቀው በቅዝቃዜ ለብዙ ዓመታት ይቀመጣሉ፤ በ1976 እ.ኤ.አ. ተቋቁሞ ዛሬ የብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የሆነው ተቋም የአገራችንን እህል ዘር የሚያቆየው በዚህ መንገድ ነው። ቡና በዚህ ዘዴ ለረጅም ጊዜ ስለማይቆይ ጅማ ዞን ጮጬ ላይ ተተክሎ ይጠበቃል። ዶቅማም እንዲሁ በቁሙ ካልሆነ በሌላ መንገድ አይቆይም። ፍሬውን በልተውት ዘሩ በእጅ እንዳለ፣ በዚያው ሳምንት አፈር ማግኘት አለበት። በፖስታ ከትቶ «ለከርሞ እሰጥሻለሁ» ማለት ከመጣል አይለይም። ትልቅ ዛፍ ስለሚሆን ለጠባብ ግቢ አልመክረውም፤ የቤተ ክርስቲያን ቅጽር ወይም የእድር ቦታ ይሻለዋል።

አጋምን ሁሉም ይወደዋል። ነጭ አበባው ሲፈካ መዓዛው መንገደኛን ያስቆማል፤ ፍሬው ቀልቶ ቀልቶ ሲጠቁር ይጣፍጣል። የጠቆረውን መርጦ፣ ሥጋውን አጥቦ፣ ዘሩን ሳይቆይ መዝራት ነው። አባቶች አጋም የተጠጋ ቁልቋል ሲያለቅስ ይኖራል ይላሉ፤ እሾሁ ስለማይምር ልጆች ከሚሮጡበት መተላለፊያ አርቁት። ዋናው ማስጠንቀቂያዬ ግን ሌላ ነው። መረንዝ የሚባለው መርዛማ ተክል የአጋም ዘመድ ነው፤ ቅጠሉ፣ ወተቱ፣ መዓዛ ያለው አበባው፣ የሚጠቁረው ፍሬው ሁሉ ያሳስታል። በምሥራቅ አፍሪካ አዳኞች ፍላጻቸውን በመርዙ ይቀቡ ነበር። መለያው እሾህ ነው፤ አጋም አለው፣ መረንዝ የለውም። እናቱን ተክል በዓይኔ ካላየሁት አጋም ነው የተባለ ችግኝ አልቀበልም፣ ለሌላም አልሰጥም። ስጦታ ሕይወትን የሚነካ ሲሆን ይሉኝታ አያስፈልግም።

ቀጋ ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ በተፈጥሮ የሚገኝ ብቸኛው የጽጌረዳ ዝርያ ነው። በየችግኝ መሸጫው የውጭ ጽጌረዳ ሞልቶ የራሳችን መታጣቱ ያሳዝነኛል። ፍሬው በቫይታሚን ሲ የበለጸገ ነው፤ ከመብላት በፊት ግን ውስጡ ያለውን ዘርና የሚያሳክክ ፀጉር ጠርጎ ማውጣት ያስፈልጋል፤ እረኛ ሆኖ ያደገ ሁሉ ጉሮሮው ያውቀዋል። ዘሩ ለመብቀል ስለሚዘገይ፣ ከሥሩ የሚወጣውን ቡቃያ በክረምት ከነሥሩ ነጥሎ መትከል ይቀላል። እንጆሪ ከሁሉም ይቀላል፤ የቅርንጫፉ ጫፍ መሬት ከነካ ራሱ ሥር ይሰዳል፣ ቆርጦ መስጠት ነው።

የሳሪስ አቦ ጥቁር አፈር ዋልካ ነው፤ በክረምት ውኃ ይቋጥራል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ጉድጓድ ቆፍሮ መሃል ላይ ከመትከል ይልቅ አፈሩን ከፍግና ከአሸዋ ጋር ቀላቅሎ ጉብታ ላይ መትከል ሥሩን ከመበስበስ ያድነዋል። ለማፍያ የወተት ላስቲክ እናጥባለን፣ ታቹን እንበሳለን። ኮንዶሚኒየም ለሚኖሩ በባልዲ የሚያድግ አጋም እሰጣለሁ፤ እየተገረዘ በረንዳ ላይ ይኖራል።

ወር በገባ በ5 የአቦ ማኅበራችን ላይ ችግኝ ይዞ መምጣት ልማድ ሆኗል። የመጣው ችግኝ ከማን ግቢ፣ ከየትኛው ዛፍ እንደተገኘ ላስቲኩ ላይ ይጻፋል። የመካፈሉን ጥቅም በራሴ አይቻለሁ። የውኃ ቧንቧ ሊቀበር መሬቱ ሲቆፈር አሮጌው አጋሜ ከሥሩ ተነቅሎ ሞተብኝ። አሁን በግቢዬ ያለው ከዚያ አጋም ፍሬ ለጎረቤቴ አፍልቼ ከሰጠኋት ዛፍ ተመልሶ የመጣ ነው። ያን ጊዜ ስስቼ ቢሆን ኖሮ ዘሩ አብሮ በጠፋ ነበር።

ከየረር ወይም ከፉሪ ተራራ ተክል ነቅላችሁ አታምጡ፤ የበሰለ ፍሬ ይበቃል፣ ለወፎችም አስቀሩላቸው። አጥር ልታፈርሱ የተዘጋጃችሁም ካላችሁ፣ ከኮሽማችሁ አስቀድማችሁ ዘር ውሰዱ። ዓመት ዓመት አብቦ የማያፈራ ኮሽም ያላችሁ ደግሞ አደራ፣ አትቁረጡት፤ በመንገዱ ላይ ያሉት ሴቶች ሁሉ የሚያፈሩት በእሱ ሊሆን ይችላል።