የተርኪ አዳኝና የአረሩ ምርጫ

በሰሜን አሜሪካ ደኖች፣ በጸደይ ወራት፣ ጎሕ ከመቅደዱ አስቀድሞ ግንድ ተደግፎ የሚቀመጠው አዳኝ የእንስቲቱን ድምፅ እያስመሰለ ወደ ራሱ የሚጠራው ታላቅ ወፍ ተርኪ ይባላል። ወፉ ከእኛ አገር ጅግራ ጋር በወገን የሚዛመድ ሲሆን፣ ሊቁ ካርል ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1758 በሰጠው ስም ውስጥ የሚገኘው «ሜሌአግሪስ» የሚለው ቃልም ጥንታውያን ጽርዓውያን ጅግራን ይጠሩበት የነበረ ነው። ጎልማሳው ወንድ ከ7 እስከ 11 ኪሎ የሚመዝንና ደረቱ በወፍራም ሥጋ፣ በተደራረበም ላባ የተጋረደ በመሆኑ፣ በዚያ በኩል የተመታ እንደ ሆነ ቆስሎ ወደ ጫካ ገብቶ በሥቃይ ሊሞት ይችላል፤ ስለዚህ ርኅራኄ ያለው አዳኝ የሚያነጣጥረው አንጎልና ሕብለ ሰረሰር ባሉበት በጠባቡ ስፍራ፣ በራሱና በአንገቱ ላይ ብቻ ነው። የጥይት ምርጫ ነገር ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ጠባብነት ነው።

ለዚህ አደን የሚያገለግለው ሾትገን የሚባለው ጠመንጃ ሲሆን፣ ጥይቱ በመቶ የሚቆጠሩ ድቡልቡል የአረር ፍሬዎችን ይይዛል፤ የፍሬው መጠን የሚታወቅበት ቁጥር በጨመረ መጠን ፍሬው ያንሳል። ከ28 ግራም እርሳስ ቁጥር 4 የሚባለው፣ ወገቡ (ዲያሜትሩ) 3.3 ሚሊ ሜትር የሆነው፣ 135 ፍሬ ያህል ሲወጣው፣ 2.8 ሚሊ ሜትር የሆነው ቁጥር 6 ግን 225 ያህል ይወጣዋል። ብዛቱ ጠባቡን ዒላማ ለማግኘት ይረዳል፤ ነገር ግን የድቡልቡል ነገር ወገብ በእኩሌታ ሲቀንስ፣ ክብደቱ ወደ ስምንተኛ እጅ ሲወርድ፣ ከአየር ጋር የሚጋፈጠው ገጹ ወደ አራተኛ እጅ ብቻ ስለሚወርድ፣ ትንሹ ፍሬ ቶሎ ይደክማል፤ አጥንት ለመስበርም ኃይል ያጥረዋል።

ይህን የተፈጥሮ ሕግ ማንም ሊሽረው ባይችልም፣ ማዕድኑን በመለወጥ ግን ጠቢባን መንገድ አግኝተውለታል። የእርሳስ አንድ ኩብ ሳንቲ ሜትር 11.3 ግራም፣ የብረት 7.8 ግራም ሲመዝን፣ ከጥቂት ሌላ ማዕድን ጋር ተዋሕዶ የሚሠራው የተንግስተን አረር 18 ግራም ያህል ይመዝናል። ፍጥነታቸው እኩል የሆኑ ፍሬዎች የመሰርሰር ኃይላቸው የሚነጻጸረው የወገባቸው ስፋት በዚህ ክብደት ተባዝቶ ስለሆነ፣ 2 ሚሊ ሜትር ብቻ የሆነው የተንግስተን ቁጥር 9፣ 3 ሚሊ ሜትር ከሆነው የእርሳስ ቁጥር 5 አያንስም፤ ከ28 ግራም የሚወጣው ፍሬ ግን 170 መሆኑ ቀርቶ 360 ያህል ይሆናል። ይህ በእውነት የሚያስደንቅ ነው፤ ዋጋው ግን ከእርሳሱ ብዙ እጥፍ ይበልጣል።

እርሳስ መርዝ መሆኑም መዘንጋት የለበትም፤ በቆሰለ አውሬ ሥጋ ውስጥ የቀረውን ፍሬ የሚውጥ ንስር ይመረዝበታል። በመላው አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ የተከለከለው ለውኃ ወፎች አደን ብቻ ሲሆን፣ ካሊፎርኒያ ግን እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 1 ቀን 2019 ጀምሮ ለማናቸውም የዱር እንስሳ አደን ከልክላዋለች። እኔም ዐቅሙ ላለው ሰው እርሳስን መተው የተሻለ ነው እላለሁ።

ይሁን እንጂ በጥይቱ ሣጥን ላይ የተጻፈው ቁጥር የራስህን ጠመንጃ ጠባይ አይነግርህም፤ አንዱ አፈሙዝ የሚሰበስበውን ጥይት ሌላው ይበትነዋልና። ስለዚህ ወደ ደን ከመውጣትህ በፊት በሰፊ ወረቀት ላይ ወገቡ 25 ሳንቲ ሜትር የሆነ ክበብ ሥለህ፣ ከ36 ሜትር ርቀት ተኩሰህ ቀዳዳዎቹን ቍጠር፤ አዳኞች በልማድ እንደሚጠብቁት 100 ያህል ካላገኘህ፣ ወደ 30 ሜትር ቀርበህ እንደ ገና ሞክር፤ ወረቀቱ ከፈቀደልህ ርቀት አልፎ ባለው ወፍ ላይም አትተኩስ።