ከኦሞራቴ ታንኳ እስከ ውድድር ጀልባ

ከጂንካ ተነሥተን በቱርሚ በኩል ወደ ኦሞራቴ ስንወርድ የኦሞን ወንዝ እናገኛለን። ዳሰነቾች ከአንድ ግንድ ፈልፍለው በሚሠሩት ታንኳ ሰውና ዕቃ ያሻግሩበታል። ተሳፋሪው ዝቅ ብሎ መቀመጥ አለበት። ቢቆም የክብደት ማዕከሉ ከፍ ይላል፤ ጠባቡ ታንኳም በጥቂቱ ሲያዘነብል ይገለበጣል። ወንዙ ደግሞ አዞ አያጣም።

በሬዲዮ የሚታዘዝ ትንሽ የኤሌክትሪክ የውድድር ጀልባ የሚሠራ ተማሪ ፍጥነት ሲያንሰው በቅድሚያ የሚያስበው ትልቅ ሞተር ነው። እኛ ግን አስቀድሞ ጀልባውን ገልብጦ ሆዱን እንዲመረምር እንመክራለን። ለምን?

ሞገድ የሚወስነው ፍጥነት

ጀልባ ሲጓዝ ሞገድ ይፈጥራል። ፍጥነቱ ሲጨምር ሞገዱም ይረዝማል፤ በመጨረሻም ከጀልባው ርዝመት ጋር ይተካከላል። ከዚያ በላይ ለመፍጠን መሞከር ዳገት እንደ መውጣት ነው። ወሰኑን ለማግኘት የጀልባውን ርዝመት በሜትር ወስደን ዳግም ዘሩን በ1.25 እናባዛለን፤ ውጤቱ ሜትር በሰከንድ ነው። ለ5 ሜትር ጀልባ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ለ60 ሳንቲ ሜትር ሞዴል ደግሞ 3.5 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ፍጥነትን ከርዝመት ዳግም ዘር ጋር ማነጻጸር እንደሚገባ እንግሊዛዊው መሐንዲስ ዊልያም ፍሩድ እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ በቶርኪ ገንዳው ውስጥ የመርከብ ሞዴሎችን እየጎተተ አሳይቷል።

ታዲያ ትንሹ የውድድር ጀልባ እንዴት በሰዓት ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ይሮጣል? መልሱ፣ ሞገዱን ትቶ በውኃው ገጽ ላይ ስለሚንሸራተት ነው። ሆዱ ውኃውን ወደ ታች ሲገፋ ውኃው መልሶ ወደ ላይ ያነሣዋል።

የኋላው ጠርዝ

እዚህ ላይ የሁለቱ ጀልባዎች ጠባይ ይለያያል። ቀስ ብሎ ለሚጓዝ ታንኳ ጠበብ ያለና ክብ ኋላ ይስማማዋል፤ የተከፈለው ውኃ ያለ ሁከት ተመልሶ ይገጥማልና። ለውድድር ጀልባ ግን ክብ ጠርዝ ጠላት ነው። ውኃው ጠርዙን ተከትሎ ይታጠፍና ጀልባውን ወደ ታች ይስባል። ስለዚህ ጠርዙ እንደ ማስመሪያ ስለት ያለ መሆን አለበት።

ቀጥሎ በሆዱ የኋላ ክፍል ላይ ማስመሪያ በቁመቱ እናስቀምጥ። ወደ ውጭ ያበጠ ከሆነ ኋላው ይሳባል፣ አፍንጫው ይዘላል፤ የጎደጎደ ከሆነ ደግሞ አፍንጫው ይደፋል። ጉድጓዱን በስቱኮ መሙላት፣ እብጠቱን በብርጭቆ ወረቀት ማስተካከል ይበቃል።

በመጨረሻ ጀልባውን በሁለት ጣት ሚዛን ላይ እናቁመው። ለ60 ሳንቲ ሜትር ጀልባ የክብደት ማዕከሉ ከኋላው ጠርዝ 18 ሳንቲ ሜትር ገደማ ላይ ቢሆን መልካም መነሻ ነው። ከዚያ ባትሪውን በግማሽ ሳንቲ ሜትር እያንቀሳቀስን በአንድ ርቀት ላይ ጊዜውን እንለካ። በአንድ ጊዜ ከአንድ ነገር በላይ አንለውጥ።

ጨዋታ ብቻ አይደለም

በነሐሴ 1998 ዓ.ም. ኦሞ ሞልቶ በደቡብ ኦሞ ከ300 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። በሰከንድ 3 ሜትር በሚወርድ ጎርፍ ላይ፣ መንሸራተት የማይችል የ5 ሜትር ጀልባ ሽቅብ መውጣት ይሳነዋል፤ ወሰኑ 2.8 ሜትር ነውና። ሞተር ያለው ጀልባም ከልኩ በላይ ከተጫነ ወይም ሰዎቹ ሁሉ ኋላ ከተቀመጡ ከሞገዱ አይወጣም። ባትሪ የት እንደሚቀመጥ በትንሽ ኩሬ የተማረ ወጣት፣ ነገ ሰው የት እንደሚቀመጥ ያውቃል።